ለተማሪው ውጤት የሚጠየቀው ማን ነው?

በጥር ወር 2015 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተናን ውጤት ይፋ ባደረገ ጊዜ አገሩ በሙሉ አንድ ቍጥር ይዞ ሲነጋገር ሰነበተ። ፈተናውን ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች መካከል ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይህም ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። ለእኛ ለመምህራንና ለትምህርት ቤት መሪዎች ግን ከዚህ ይልቅ የከበደን ከዚያው መግለጫ ጋር አብሮ የወጣው ሌላው ቍጥር ነበር፤ ተማሪ ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች ውስጥ 1,161ዱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም።

ቀደም ባለው ጊዜ «ማትሪክ ወደቀ» ሲባል የሚወድቀው ልጁ ነበር። አባትና እናት ያዝናሉ፤ ጎረቤት ያጽናናል፤ ልጁም ወይ በማታ ይደግማል፥ ወይ ሥራ ይፈልጋል። ትምህርት ቤት ወደቀ ሲባልማ፥ ምናልባት አጥሩ ወይም ጣራው ካልሆነ በቀር የሰማ ሰው አልነበረም። በዚያ ጥር ወር ግን ትምህርት ቤቶች በቍጥር ተቈጥረው ወደቁ። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው መንግሥት ትምህርት ቤትን ስለ ተማሪው ውጤት «እስቲ መልስ ስጥ» ማለት የጀመረው ከመቼ ወዲህ እንደ ሆነ፥ በምን መሣሪያስ ሲጠይቅ እንደ ኖረ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት መንግሥት የሚባል ጠያቂ አልነበረም። ይህ ማለት ግን ጭራሽ ጠያቂ አልነበረም ማለት አይደለም። የቅኔ መምህሩ ወንበር የሚጸናውም የሚናጋውም በደቀ መዝሙሩ እግር ነው፤ ተማሪው ከመምህሩ የሚቀስመው እንዳለቀ በተሰማው ጊዜ ደበሎውን ደርቦ፥ አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ሌላ ጉባኤ ይሄዳል። ድጓ የተማረም ሰው ያስተማሩት መምህር «ዐውቋል» ስላሉለት ብቻ አይበቃውም፤ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ሄዶ ማስመስከር አለበት። ዝማሬና መዋሥዕት ከሆነም ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አስተማሪና መስካሪ የተለያዩ መሆናቸው ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ተከፍቶ፥ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም በ1925 ሲከተለው፥ ጠያቂው ቤተ መንግሥቱ ራሱ ነበር። ተማሪዎቹ ጥቂቶችና በስማቸው የሚታወቁ ስለ ነበሩ፥ ትምህርት ቤቱ ፍሬ ማፍራቱ የሚታየው ልጁ በገባበት ጽሕፈት ቤት ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1943 በከተማችን ምሥራቅ፥ በዚያ ዘመን ከከተማው ውጭ ይቈጠር በነበረው በኮተቤ፥ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዛሬ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሚገኝበት አካባቢ ስለ ሆነ፥ የመምህርነት ሙያ ታሪክ ከምሥራቅ አዲስ አበባ ጋር ያለው ዝምድና የቈየ ነው ለማለት ይቻላል። በዚያን ጊዜ የነበሩት ተማሪዎች የሚፈተኑት በሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ፈተና ነበር። መስካሪው ከባሕር ማዶ ነበረ ማለት ነው፤ ከቤተ ልሔም ይልቅ እጅግ የራቀ መስካሪ! የኢትዮጵያ ትምህርት ቤት መልቀቂያ ፈተና የተተካው ከዚያ በኋላ፥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በተከፈተበት በ1950 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው።

ይህ ፈተና የተወለደበትን ምክንያት መዘንጋት አይገባም። ዓላማው ከብዙዎቹ መካከል ለዩኒቨርሲቲ የሚበቁትን ጥቂቶች መምረጥ ነበር፤ ለብዙ ዓመታት ያሰናዳውም ዩኒቨርሲቲው ነው። ወንፊት ነበረ እንጂ ሚዛን አልነበረም። የስምንተኛው ክፍል ፈተናም ሕዝቡ በአውጪው መሥሪያ ቤት ስም «ሚኒስትሪ» ብሎ የጠራው፥ እንደዚሁ ወንፊት ነው። ወንፊት ደግሞ ያሳለፈውን ያሳልፋል እንጂ፥ እህሉ ከየትኛው ማሳ እንደ መጣ፥ ገበሬውም ምን ያህል እንደ ደከመ አይጠይቅም።

ትምህርት ቤቱን ራሱን እንዲጠይቅ የተሾመው ሌላ ሰው ነበር፤ እርሱም ኢንስፔክተሩ ነው። የትምህርት ቍጥጥር በአገራችን የተጀመረው በ1934 ዓ.ም. እንደ ሆነ በሙያው ላይ የተጻፉ ጥናቶች ያስረዳሉ። ከዚያ ወዲህ ያለው የስያሜው ታሪክ ብቻውን ብዙ ይናገራል። በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ግድም «ኢንስፔክሽን» የሚለው ስም ተሽሮ «ሱፐርቪዥን» ተባለ፤ ባለሥልጣኑ ተቈጣጣሪ መሆኑ ቀርቶ የመምህሩ አጋዥ እንዲሆን ታሰበ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ትምህርት ቤቶች እየበዙ ሲሄዱ፥ መንግሥት ማወቅና መቈጣጠር ስለ ፈለገ እንደ ገና ኢንስፔክሽን ሆነ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ተመልሶ ሱፐርቪዥን ተባለ። አንድ ሰው በአንድ ሥራ ላይ ቢቈይ፥ ሞተር ብስክሌቱና ቦርሳው ሳይለወጡ፥ ሦስት ጊዜ ያህል ማዕረጉ በተለወጠ ነበር።

ይህ መመላለስ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በአንድ ሰው ላይ ሁለት ሥራ መጫኑን ያሳያል። መምህሩ ድካሙን የሚያወያየው ለአጋዡ ነው፤ ድካሙን የሚደብቀው ደግሞ ከፈራጁ ነው። ሁለቱም አንድ ሰው ከሆኑ መምህሩ ምን ያድርግ? ልምድ ያላቸው ባልደረቦቻችን እንደሚያስታውሱት፥ ኢንስፔክተር ሊመጣ ነው በተባለ ጊዜ የሚያስተምሩት ትምህርት ባለፈው ሳምንት የተማሩትን ነበር፤ ልጆቹም እጃቸውን ለማውጣት የሚሽቀዳደሙት ስለዚህ ነው።

በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው የትምህርት ዘርፍ ጥናት (ሴክተር ሪቪው) መላውን ሥርዓት ለመለወጥ ሲነሣ መምህራን ሳይማከሩ ቀሩ። ሰነዱ በወጣ ጊዜ የተነሣው ተቃውሞ በየካቲት 1966 ዓ.ም. በመምህራን ሥራ ማቆም ተገልጦ፥ ለአብዮቱ መፈንዳት አንዱ ምክንያት ሆነ። እዚህ የምናነሣው ለሌላ ሳይሆን፥ ኃላፊነቱን የሚሸከሙት ሰዎች ያልተስማሙበት ሸክም በወረቀት ላይ እንደሚቀር ለማስታወስ ነው።

ደርግ የጠያቂውን ማንነት ለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1975 የግል ትምህርት ቤቶች የሕዝብ ንብረት ሆኑ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ትምህርት ቤቶች በሕዝብ እንዲተዳደሩና ቍጥጥር እንዲደረግባቸው በአዋጅ ቍጥር 103 ተደነገገ። ከዚያ ወዲህ ርእሰ መምህሩ ከላይ ለሚኒስቴሩ፥ ከጎን ደግሞ የቀበሌና የወላጅ ተወካዮች ላሉበት ኮሚቴ ተጠሪ ሆነ። አሳቡ መልካም ነበር፤ ወላጅ የልጁን ትምህርት ቤት የመጠየቅ መብት በሕግ ያገኘበት ነው። ይሁን እንጂ በጊዜው በነበረው መንፈስ የኮሚቴው ጥያቄ ስለ ንባብና ስለ ስሌት ከመሆኑ ይልቅ ስለ አጥርና ወንበር፥ ስለ ሰልፍና ውይይት መሆኑ ይበዛ ነበር። ተማሪው ቍጥሩ እየበዛ፥ ትምህርቱ በጠዋትና በከሰዓት ፈረቃ እየተሰጠ፥ ከመጠን በላይ በተጨናነቁ ክፍሎች ውስጥ ሥራው ቀጠለ።

ስለዚያ ዘመን ፍትሐዊ ለመሆን ግን አንድ ነገር መነገር አለበት። እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1986 የተካሄደው የጠቅላላ ትምህርት ገምጋሚ ጥናት የትምህርት ጥራት መውደቁን፥ የመጻሕፍትንና የሠለጠኑ መምህራንን እጥረት ሳይሸፋፍን አውጥቷል። በታሪካችን መንግሥት ትምህርት ቤቱን ሳይሆን የራሱን ሥርዓት በጥያቄ ወንበር ላይ ካስቀመጠባቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ ይህ ነው።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ የትምህርት አስተዳደሩ ወደ ክልልና ወደ ወረዳ ወረደ። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ ክፍል እንዳይደግም ተደረገ። ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ተቧደኑ፤ ለየጉድኝቱም ሱፐርቫይዘር ተመደበ። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያ በፊት ያልነበረ መሣሪያ መጣ፤ ይኸውም ብሔራዊ የትምህርት ቅበላ ምዘና ነው። ይህ ምዘና ማንንም አያሳልፍም፥ ማንንም አይጥልም። ናሙና ትምህርት ቤቶችን መርጦ የ4ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች ምን ያህል እንደሚያውቁ ይለካል። የ8ኛ ክፍል አማካይ ውጤት በመጀመሪያው ምዘና ከመቶ 41 ገደማ፥ በሁለተኛው 40 ገደማ፥ በሦስተኛው ወደ 36 ገደማ ነበር። ቍጥሩ ቍልቍል ይሄድ ነበር ማለት ነው። በ2002 ዓ.ም. በተደረገ የንባብ ምዘናም ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶው ያህል ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ስለዚህ በ2015 ዓ.ም. ጥር «ድንገተኛ» የተባለው ውጤት ድንገተኛ አልነበረም፤ በዚያ ዓመት 12ኛን ከተፈተኑት ልጆች ብዙዎቹ አንደኛ ደረጃ የጀመሩት በንባብ ምዘናው ዘመን ግድም ነው። መረጃው ነበረ፤ ለዚያ መረጃ በስሙ ተጠርቶ የሚመልስ ሰው ግን አልነበረም።

በእነዚያው ዓመታት የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብርና ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለትምህርት ቤቶች የድጎማ ገንዘብ የሚሰጠው የጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም መጡ። «አንድ ለአምስት» አደረጃጀቱ፥ «የትምህርት ልማት ሠራዊቱ»፥ በየሳምንቱ የሚሞላው የውጤት ተኮር ሰንጠረዥ ለብዙዎቻችን የቅርብ ትዝታ ስለ ሆነ እዚህ አልዘረዝረውም።

ከ2006 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ኢንስፔክሽን በአዲስ መልክ ተመለሰ። ትምህርት ቤቶች በ26 ስታንዳርዶች እየተመዘኑ ከአንድ እስከ አራት ደረጃ ይሰጣቸው ጀመር። ነጥቡ ለግብዓት 25፥ ለሂደት 35፥ ለውጤት 40 ተብሎ ተከፈለ። ከመቶ ሃምሳ በታች ያገኘ ደረጃ አንድ፥ ከሰባ በታች ያለው ደረጃ ሁለት ሲሆን፥ ሁለቱም ከስታንዳርድ በታች ናቸው። ሚኒስቴሩ በቅርብ ዓመታት እንደ ገለጸው በአገሪቱ ካሉት ትምህርት ቤቶች ከመቶ ሰማንያ የሚበልጡት ከስታንዳርድ በታች ናቸው። እንግዲህ ሁሉም ማለት ይቻላል የወደቀበት ፈተና ስለ ተፈታኙ ብቻ ሳይሆን፥ መጽሐፉን፥ ቤተ መጻሕፍቱንና ቤተ ሙከራውን ማቅረብ ስለ ነበረበትም ወገን ይናገራል። የግብዓቱ 25 ነጥብ ሲጎድል ደረጃው የሚለጠፈው ግን በትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው።

ይህ ጸሐፊ በምሥራቅ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሲሠራ የኢንስፔክሽን ቡድን ሊመጣ ነው ተባለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ትምህርት በግማሽ ልብ ተሰጠ። በግቢው መንገድ ዳር ያሉት ድንጋዮች ኖራ ተቀቡ፤ ያልተደረጉ ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ ተጻፈላቸው። እኔም የበኩሌን ቃለ ጉባኤ ጽፌአለሁ፤ እጄ ንጹሕ ነው አልልም። ቡድኑ መጣ፤ ፋይሎቹን አገላበጠ፤ ተደሰተም። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት አንዱ ግን ወደ አራተኛ ክፍል ገብተው ከኋላ ወንበር ከተቀመጠች ልጅ አጠገብ ቁጭ አሉ። «እስቲ የኔ ልጅ፥ ይህን አንብቢልኝ» አሏት። ልጅቱ መጽሐፉን አየች፤ እርሳቸውን አየች፤ ዝም አለች። የያዙት ቅጽ ይህን እንዲያደርጉ የሚያስገድዳቸው አይመስለኝም። ሲወጡ ለማንም ምንም አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም። በዚያ ዓመት ያገኘነው ደረጃ ከጎረቤቶቻችን የተሻለ ነበር።

ገንዘብና ክብር ከቍጥር ጋር በተያያዙበት አገር ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር መታየቱ አያስገርምም። እንግሊዞች በ1862 እ.ኤ.አ. ሮበርት ሎው ባወጣው ደንብ ለትምህርት ቤት የሚሰጠውን ድጎማ ኢንስፔክተሩ በንባብ፥ በጽሕፈትና በሒሳብ እያንዳንዱን ልጅ ፈትኖ በሚያገኘው ውጤት አሰሩት። ልጆቹ የንባብ መጽሐፉን በቃላቸው እየያዙ ያነበነቡ ጀመር። ባለቅኔው ማቲው አርኖልድ ራሱ የትምህርት ቤት ኢንስፔክተር ስለ ነበረ ይህን በዐይኑ እያየ አጥብቆ ነቀፈው፤ ሆኖም ደንቡ ጨርሶ እስኪቀር ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጅቷል። አሜሪካኖችም በ2002 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ትምህርት ቤቶችን በፈተና ውጤት መቅጣት ጀመሩ። በአትላንታ ከተማ በ44 ትምህርት ቤቶች 178 መምህራንና ርእሳነ መምህራን የተማሪዎችን መልስ በማረምና በመሳሰለው ማጭበርበር መሳተፋቸውን መርማሪዎች በ2011 አጋለጡ። አርኖልድ ያየው የልጆቹን ሽምደዳ ነበር፤ እዚህ ግን ያጭበረበሩት መምህራኑ ናቸው።

የእኛው ኩረጃ ታሪክ ከዚህ ይለያል። ኩረጃው የተስፋፋው ትምህርት ቤቱ እንዳይቀጣ ብቻ አይደለም፤ ተማሪውም፥ ወላጁም፥ አንዳንዴም የአካባቢው ባለሥልጣን «የእኛ ልጆች ይለፉ» በሚል ስለ ተባበሩ ነው። በግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ በመሰራጨቱ ተሰርዞ እንደ ገና እንዲሰጥ የተደረገውን እናስታውሳለን። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈታኞቹ ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲፈተኑ የተወሰነውም ከዚህ የተነሣ ነው። ከላይ በልባችሁ ያዙልኝ ያልኩት ነጥብ እዚህ ይመለሳል፤ አስተማሪና መስካሪ እንደ ገና ተለያዩ። ልጁ ከቀዬው ወጥቶ፥ ብርድ ልብሱን ይዞ ሊያስመስክር ሄደ። ይህ ጸሐፊ ውሳኔውን ይደግፋል። መንግሥት ትምህርት ቤቶቹን እንደማያምን የገለጸበት መንገድ መሆኑን ግን መካድ አይቻልም።

የቀድሞዎቹን ዓመታት ውጤት ከዚህ ጋር ማነጻጸርም ጥንቃቄ ይሻል፤ ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ በየዓመቱ እንደ ቦታው ብዛት ይወሰን ነበር እንጂ ከመቶ ሃምሳ የሚል ቋሚ መስመር አልነበረም። በሁለተኛው ዓመት ያለፉት ከመቶ 3.2 ሲሆኑ፥ አንድም ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ3,106ቱ 1,328 ደረሱ። ከዚያ በኋላ በ2016 ዓ.ም. ፈተና 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ሆኗል።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ከመገናኛ ተነሥተን በኮተቤ፥ በሲኤምሲ፥ በሰሚት፥ በአያት አድርገን እስከ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ብንጓዝ፥ በአንድ ፈተና የሚመዘኑ፥ ነገር ግን አንድ ያልሆኑ ትምህርት ቤቶችን እናያለን። በቦሌ መንገድ አካባቢ ያለው የግል ትምህርት ቤት የሚቀበለው ልጅ በሦስት ዓመቱ መዋዕለ ሕፃናት የገባ፥ ቤት ውስጥ አስጠኚ ያለው፥ መጽሐፍ የማይቸገር ነው። ለዚህ ትምህርት ቤት ሁለት ጠያቂዎች አሉት፤ አንዱ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚመዝነው የከተማው ባለሥልጣን ነው፤ ሌላውና ኃይለኛው ክፍያ የሚከፍለው ወላጅ ነው። ወላጁ ካልተደሰተ እንደ ጥንቱ የቅኔ ተማሪ ልጁን ይዞ ወደ ሌላ ጉባኤ ይሄዳል።

በአዲሱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መንደር ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን፥ ከመሐል ከተማ በዕጣም በልማት ተነሺነትም የመጣውን ልጅ ሁሉ፥ ዓመቱ ሲጋመስ ቢመጣም፥ ይቀበላል። መምህሩ በሁለት ታክሲ ተጉዞ ይደርሳል። እዚያ ያለችው እናት በልጇ ውጤት ብታዝን የምትሄድበት ሌላ ጉባኤ የላትም፤ መሄድ የምትችለው ወደ ወላጅ ስብሰባ ነው። በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ የተቋቋመው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ እንዲህ ያሉ መንደሮች የበዙበት ነው። የሁለቱን ትምህርት ቤቶች ያሳለፉትን ተማሪ ቍጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይህ ጎበዝ፥ ያ ሰነፍ» ማለት በአብዛኛው የቤተሰብን ኪስ መመዘን ነው።

አንድም ተማሪ ያላሳለፈ ትምህርት ቤት «ምን ብታደርግ ነው?» ተብሎ መጠየቅ የለበትም የሚል ሰው ግን በእኛ ማኅበር ውስጥም እንኳ እንዳይኖር እመኛለሁ። መጠየቅ አለበት። የሚጠየቀው ግን በተቀበለው ልጅና ባስረከበው ልጅ መካከል ስላለው ልዩነት መሆን ይገባዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ቅጽ ሃያ ሰባተኛ ስታንዳርድ አይደለም። የስምንተኛ ክፍልን ከተማ አቀፍ ፈተና የሚሰጠው የከተማው ትምህርት ቢሮ ነው፤ የዚያው ልጅ የ12ኛ ክፍል ውጤት ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ ይመጣል። ሁለቱን ወረቀቶች በተማሪው ስም አገናኝቶ፥ በየትምህርት ቤቱ ለይቶ ለማስቀመጥ አንድ ትጉህ የመዝገብ ሠራተኛና አንድ ክረምት ይበቃል።